አራተኛው ጭነት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ሰው ልመታ ነበር። እጄ ከተነሳ በኋላ ነው የመለስኩት።

የዘይት ክፍሉ ሠራተኛ፣ ቅባቴ የምንለው፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ የመድፍ ሲሊንደር በጋሪ እየገፋ ሚዛን ክፍሌ ድረስ መጣ። «እመት ሚዛን፣ እስቲ ይቺን አንዴ...» ሲል በሩ ላይ ተገተርኩበት። በሩ ላይ የተጻፈው ዓይን ላለው ሁሉ ግልጽ ነው፤ ዘይት የነካው ነገር አይገባም። ዘይት አቧራ ይጠራል፣ አቧራ የገባበት ሚዛን ይዋሻል። የእኔ ሚዛን አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ዋሽቶ አያውቅም። «እኔ ጋ የሚመጣው አንተ ሳትነካው ነው፤ ከነካኸው በኋላ ጉድህን እዚያው ቻል!» ብዬ አባረርኩት። እየሳቀ ሄደ። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ያ ሳቁ ነው።

ደግሞ ማንን እንደሚፈታተን አያውቅም? የምንሠራው የተራራ መድፍ ነው። መኪና በማይወጣበት አቀበት በቅሎ እንድትሸከመው ስምንት ቦታ ይፈታል፤ ስምንት ጭነት፣ ስምንት በቅሎ። አንዱም ጭነት ከመቶ ኪሎ ማለፍ የለበትም። አለፈ፣ አላለፈ ብላ የምትፈርደው ይቺ ሴትዮ ናት። ቁጥሩን ትንሽ የናስ ሰሌዳ ላይ እመታለሁ፣ ከጎኑ ምልክቴን አሳርፋለሁ፣ አለቀ። መሐንዲሱ እንኳ አይከራከረኝም። ቅባቴ ማነው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ቸኩያለሁ፤ ግን ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

ወደ ተራራው የወጡት የመጀመሪያዎቹ ስድስት መድፎች ወሬያቸው ደረሰ። በቅሎዎቹ ተገጥበዋል። ጀርባቸው ተልጦ ቀይ ሥጋ ነው የሚታየው አሉ። አንዷ አቀበት ላይ ጉልበቷ ከድቷት ስትወድቅ ጫኙን ይዛው ተንከባለለች። እሷ ሞተች። ሰውየው ተርፏል፤ እግሩን ግን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል።

ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ግቢ ውስጥ ሰብስቦ «ጥፋቱ የኮርቻው ነው» አለ፣ ጣቱን ቀስሮ። በማን ላይ? በጋሼ ላይ! በታላቅ ወንድሜ! አባታችን ከሞተ ጀምሮ አብልቶ ያሳደገኝ፣ እዚህ ቤት ያስቀጠረኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት ኮርቻ የሰፋ ሰው። መደላድሉ ውስጥ በፈረስ ጭራ ፋንታ ጭድ ተገኘ ነው ክሱ። ጭራው ሲያልቅ «ጭድ ቀላቅልበትና አስረክብ» ያለው ማን ሆነና? ራሱ ሥራ አስኪያጁ! በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ዛሬ ሲጠየቅ «እኔ? መቼ?»። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ጋሼ መርፌውን ኮቱ ላይ ሰክቶ ዝም ብሎ ቆመ። የሱ ዝምታ ደግሞ ከሥራ አስኪያጁ አፍ ይብሳል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጋሼ ከትናንት ጀምሮ ከሥራ ታግዷል። ኅዳር 17 ቀን ቦርድ ፊት ይቀርባል። ቁልፉን አስረክቦ ሲወጣ ዘበኛው ፈተሸው። ሠላሳ አንድ ዓመት «እንዴት አደሩ» ሲለው የኖረ ዘበኛ፣ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ አየ!

ዘበኛውን ሰደብኩት። ምን ዋጋ አለው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

የእንስሳት ሐኪሙ ከተራራው ወርዶ ሪፖርቱን አነበበልን። እንዲህ ነው፦ የተገጠቡት በቅሎዎች ስድስት ናቸው። ስድስቱም አራተኛውን ጭነት፣ ማለት ሲሊንደሩን የተሸከሙት ናቸው። የቀሩት አርባ ሁለት በቅሎዎች ደህና ናቸው። ኮርቻው ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ መደላድሉም አንድ ዓይነት።

ልቤ ዘለለ! «እንግዲያው ኮርቻው ንጹሕ ነዋ!» ብዬ ጮህኩ፣ ስብሰባ መሆኑን ረስቼ። ሥራ አስኪያጁ «ሴትዮ፣ ተቀመጪ» አለኝ። ሐኪሙ ግን ከመነጽሩ በላይ አየኝና «አራተኛው ጭነት ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ዘጠና ስምንት» አልኩት። ምን ሊል ፈልጎ ነው? ሰሌዳው ላይ አለ አይደል እንዴ!

ሳስበው በቅሎዎቹ ናቸው ደካማ። ለአራተኛው ጭነት ከሲታ ከሲታውን መርጠው ሰጥተውት ይሆናል። የሠራዊት ነገር እኮ አይታወቅም። እንደሱ ነው። እንደሱ መሆን አለበት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ምሳ ሰዓት። ቅባቴ ከጀርባዬ ካለው ጠረጴዛ፣ እንድሰማው ብሎ፦ «እኔ ዘጠኝ ኪሎ ዘይት እሞላባታለሁ። ከሞላሁ በኋላ የመዘናት ሰው ካለ ያሳዩኝ።»

ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። ወረወርሽ ይላሉ፣ አልወረወርኩም፤ ወደቀ።

ተመልሼ አዲስ የመጣ ሲሊንደር ሚዛን ላይ አወጣሁ። ደረቁን፣ ንጹሑን፣ እንደ ሥርዓቱ። 98። ሁለተኛ መዘንኩ። 98። ሄዶ ይሳቅ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ጋሼ ቤት ዋልኩ። የጎረቤት ልጅ ቦርሳ ማንገቻው ተበጥሶ፣ እሱን እየሰፋ ነው። ያን የሚያህል እጅ ቦርሳ ይሰፋል! አንጀቴ አረረ።

«ሚዛንሽ ደህና ነው?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ምን ይሆናል! አንተ ስለራስህ አታስብም? ጠበቃ ያዝክ?»

እትዬ፣ ሚስቱ፣ ከጓዳ መለሰችልኝ። «እምቢ ብሏል። 'የሚናገር ሰው አለ' ይለኛል ስጠይቀው። ማን ነው እሱ? ንገረኝ ብለው ሞቼ እገኛለሁ አለ። አንቺ ታውቂዋለሽ?»

«ከየት አውቄ» አልኳት። ሥራ አስኪያጁ ኅሊናው ወቅሶት ይናገራል ብሎ ተስፋ አድርጎ ይሆናል፤ ጋሼ የዋህ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ስወጣ እስከ በር ሸኘኝ። የሆነ ነገር ልትዪኝ ነው ወይ በሚል ዓይን አየኝ። «ደህና ሁን» አልኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ሁሉም ወጥተዋል። ሚዛኑ ላይ ካርቶን አነጠፍኩ። ከዘይት ክፍል የተሞላ ሲሊንደር በጋሪ አመጣሁ። የጉዞ ክዳኑ፣ የቆዳ ልብሱ፣ ለበቅሎ እንደሚሰጠው ሁሉም ተደርቦ።

113።

ካርቶኑ ግማሽ ኪሎ ነው። ቀንሼዋለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ቤት ነኝ፤ አልወጣሁም። እስቲ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

አሮጌው መድፍ ዘይት የሚባል ነገር አልነበረውም። ሲተኮስ መንጭቆ ራሱን ወደ ኋላ ይወረውር ነበር፣ ሰዎቹ መልሰው ይገፉታል። ለአሮጌው፣ ደረቁን መመዘን ትክክል ነው። አዲሱ መጣ፤ ምቱን የሚያበርድ ሲሊንደር ተጨመረበት፤ እኔ በዚያው በለመድኩት ቀጠልኩ። የሥራውን ተራ ቀይሪ ያለኝ ማን አለ? መሐንዲሱ አላለም። መዛኝ ቀድማ፣ ዘይት ኋላ፤ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው። ወረቀቱን ማን ጻፈው? እሺ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ግን እሱ ነው የፈረመው! ክዳኑና የቆዳው ልብስ ደግሞ በኋላ የታሰበ ነው፤ ለእኔ ማን አሳየኝ? ቅባቴስ ቢሆን፣ ሰው በጨዋ ደንብ «እመት፣ ይህ ነገር ይከብዳል» አይልም? እየሳቀ መምጣት ምን ይባላል?

ሊል ነው የመጣው እኮ። በር ላይ ተገትሬ ያላስጨረስኩት እኔ ነኝ።

ኤዲያ! ይህን ገጽ መቅደድ ነበረብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

መሐንዲሱ ዘንድ ገባሁ። በሩን ዘግቼ ቁጥሩን ነገርኩት። ይደነግጣል ብዬ ነበር። ስኒውን አስቀመጠና «ጎበዝ ነሽ፣ እኔ መቶ አስራ ሁለት ብዬ ነበር የገመትኩት» አለኝ።

ያውቅ ነበር! ከመነሻው!

«ይህ መድፍ የተገዛው አንድም ጭነት ከመቶ አያልፍም ተብሎ ነው» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። «አለፈ ካልን መድፉ ይመለሳል፣ ፋብሪካው ይዘጋል፣ አራት መቶ ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል። ኮርቻ ይቀየራል። መድፍ አይቀየርም።»

«ወንድሜስ?»

«ሽማግሌ ነው፤ ይራሩለታል። አንቺ ግን ምልክትሽ በሃያ አራት የአራተኛ ጭነት ሰሌዳ ላይ አለ። ለእሱ የሚራራ ቦርድ ለአንቺ የሚራራ እንዳይመስልሽ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው! ፊቱ ላይ መትፋት ነበረብኝ። መሳደብ ነበረብኝ። ለዘበኛ፣ ለቅባቴ ሲሆን የማይዘጋው አፌ የት ገባ?

ስወጣ «አመሰግናለሁ» አልኩት። ለምን እንዳመሰገንኩት አላውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ሁለት አራተኛ ጭነት መጣ። 98 መታሁ። 98 መታሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የክስ ወረቀቱ መጣ። እትዬ ሰጠችኝ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «በጦርነት ጊዜ የሠራዊት ንብረት ሆን ብሎ በማበላሸት።» ቅጣቱ እስከ ስድስት ዓመት። ጋሼ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ደረቱ ደግሞ ብርድ አይችልም።

ይራሩለታል ተብሎ ነበር እኮ!

እትዬ አለቀሰች። «ምን ያስለቅስሻል፣ ሞቷል እንዴ!» ብዬ ጮህኩባት። እኔን ምን ነካኝ? ሃያ ሁለት ዓመት ካንድ ገበታ ያበላችኝን ሴት! ጋሼ «ተያት» አላት። እኔን አይደለም፣ እሷን ነው ያላት። «ተያት፣ እሷም ጨንቋት ነው።»

ይህን ሲላት ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

የምስክርነት መጥሪያ ደረሰኝ። የጠራኝ ፋብሪካው ነው። የሰሌዳዎቹ ቁጥር ትክክል መሆኑን እንዳረጋግጥ። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃል አሉኝ።

ነገ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ሁሉንም እጽፈዋለሁ፤ ነገ ሌላ መስዬ ለራሴ እንዳልዋሽ።

ቦርዱ በስብሰባ አዳራሹ ተቀመጠ፤ መሐል ኮሎኔል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሲቪል። ጋሼ ብቻውን ወንበር ላይ። የሠርጉን ኮት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ተናገረ። ጭድ፣ ጭድ፣ ጭድ። መሐንዲሱ ተከተለ። «ጭነቶቹ በሙሉ ከመቶ በታች ናቸው፤ ሰሌዳቸው ይናገራል።» ከዚያ እኔ።

ኮሎኔሉ ከአራተኛው ጭነት የተነቀለ ሰሌዳ አሳየኝ። «ይህ ምልክት የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ቁጥሩ ትክክል ነው?»

አንዲት ቃል። ጋሼን አየሁት። እሱ እኔን አያይም፣ መሬት ነው የሚያየው። መሐንዲሱ ግን ያየኛል። ፈገግ ብሎ! እሱን ፈገግታውን ሳይ አላስቻለኝም። ጀግና ሆኜ እንዳይመስል፤ ንዴት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ በማይገባው ሰው ላይ ስረጨው የከረምኩት ንዴት፣ ዛሬ ቤቱን አገኘ።

«ባዶውን ከሆነ ትክክል ነው» አልኩ። «በቅሎ ግን ባዶውን አትሸከምም። ዘይት ተሞልቶ፣ ክዳንና ልብስ ተደርቦ መቶ አስራ ሦስት ነው። ደረቁን የመዘንኩ እኔ ነኝ። የበቅሎዎቹ ቁስል የወንድሜ ሥራ አይደለም፣ የኔ ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሥራ አስኪያጁ «ወንድሟን ልታድን ነው!» ብሎ ተነሳ። «ሚዛን ክፍል እዚህ አርባ እርምጃ ነው» አልኩት፣ «እግር የለዎትም?» ሁላችንም ሄድን። ቅባቴ የተሞላ ሲሊንደር አመጣ። ዘይቱ እየተንጠባጠበ ሚዛኔ ላይ ወጣ፤ ካርቶን አላነጠፍኩም። ኮሎኔሉ ራሱ አጎንብሶ አነበበ። መቶ አስራ ሦስት።

«መቼ አወቁ?» አለኝ።

«ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ። መሐንዲሱ ደግሞ ከኔ በፊት።» መሐንዲሱ ያን ጊዜ ኮርኒሱን ያይ ጀመር። «ካወቅኩ በኋላም ሁለት መትቻለሁ» ብዬ ጨመርኩ። ያን ማንም አልጠየቀኝም።

ጋሼ በነጻ ተለቀቀ። እኔና መሐንዲሱ እስኪጣራ ታገድን። ሰሌዳዎቹ ይነቀላሉ፤ ዘይቱም፣ ክዳኑም፣ የቆዳ ልብሱም ከእንግዲህ በሌላ በቅሎ ተጭነው፣ ዘይቱ ተራራው ላይ ይሞላል ተባለ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ግቢው ውስጥ ጋሼን ደረስኩበት። ያቅፈኛል ብዬ ነበር፤ እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ። ቆመና «የፋብሪካው ጋጣ የገብስ ሚዛን መቶ አስራ ሁለት ተኩል ነበር ያለው» አለኝ።

«ምን?»

«በከሰሱኝ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የተሞላች ሲሊንደር መዘንኩበት። አንድ ዓይነት ኮርቻ ስድስቱን ብቻ እንዴት ያቆስላል ብዬ።»

«ታውቅ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልክ!»

«እኔ ብናገር ወንጀለኛ ትሆኛለሽ። አንቺ ብትናገሪ ስህተት ነው። እስክትናገሪ ጠበቅኩሽ።» ድምፁ አልተነሳም፤ ቢጮህ በተሻለኝ። «ሠላሳ ስምንት ቀን፣ አንቺ ልጅ። ሳምንት ይበቃታል ብዬ ነበር። በየእሑዱ በሩን ስትከፍቺ ዛሬ ነው እላለሁ። እትዬሽ አጠገቤ ስታለቅስ እያየሁ ዛሬ ነው እላለሁ። ተሳሳትሽ፤ ሰው ይሳሳታል። ሠላሳ ስምንት ቀኑን ግን ምን ልበለው?»

ሊሄድ ዞሮ ነበር፤ ተመለሰ። 

«ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ሆስፒታል ሄደሽ ለጫኙ ራስሽ ንገሪው። በሰው አፍ አይስማው።»

«አብረን እንሂድ፣ ጋሼ።»

«አብሬሽ አልሄድም» አለኝ።

ትምህርት ቤት ስገባ፣ ሥራ ስቀጠር፣ ስታመም፣ አብሬሽ አልሄድም ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ሄድኩ።

ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል ነው። ጫኙ መስኮቱ ሥር ተኝቷል፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ትልልቅ እጅ ያለው ሰው፤ ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ በታች በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። መድፉን የምመዝነው እኔ ነኝ፣ አራተኛውን ጭነት በስህተት ዘጠና ስምንት ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልኩት። እንዲሰድበኝ ተዘጋጅቼ ነበር። በሽተኛ ነው፣ ቢመታኝም እችለዋለሁ ብዬ ነበር።

«ስንት ነበር?» አለኝ።

«መቶ አስራ ሦስት።»

እጆቹን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ አያቸው።

«ገና ሳነሳት ከብዳለች ብያቸው ነበር» አለ። «ሃምሳ አለቃው ሰሌዳውን አነበበልኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ዘጠና ስምንት ይላል፣ ስንፍና ነው አለኝ። ጓደኞቼም ሳቁብኝ፤ አርጅተሃል አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ስጭን ይህ እጅ ኪሎ ተሳስቶ አያውቅም። እኔም በመጨረሻ እጄ ነው የዋሸኝ ብዬ ጫንኳት። እዚህ ከተኛሁ ጀምሮ ለእነዚህ ሁሉ ስነግራቸው» አለና ክፍሉን በአገጩ አመለከተኝ፣ «እግሩን ላጣ ሰው የሚባለውን ነው የሚሉኝ። እሺ፣ እሺ፣ አይዞህ።»

ይቅርታ አድርግልኝ ልል አፌን ስከፍት በእጁ አስቆመኝ። ዓይኑ እሳት ነበር።

«ይቅርታሽን አሁን ያዢው። ቁጥሩን ድገሚው።»

«መቶ አስራ ሦስት።»

«ለኔ አይደለም። ተነሺና ጮክ ብለሽ፣ እነዚህ ሁሉ ይስሙ።»

ተነሳሁ። በሰባቱ አልጋ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ በር ላይ ያለችው ነርስም ቆመች። እመት ሚዛን የሚሉኝ እኔ መሆኔን፣ ቁጥሩ የኔ ስህተት መሆኑን፣ ጭነቱ መቶ አስራ ሦስት ኪሎ መሆኑን፣ ይህ ሰው ከመጀመሪያው ልክ እንደነበረ ተናገርኩ። ጥግ ላይ ያለው ሽማግሌ ጆሮው አይሰማም ነበርና፣ ለእሱ አልጋው ድረስ ሄጄ ደገምኩለት።